«ችዬ ነው እንጂ»፦ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኛን ኑሮ በምን እንለካው?

እኛ የነርሲንግ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስንለካ ነው የምንውለው። ሙቀት እንለካለን፣ ደም ግፊት እንለካለን፣ ትንፋሽ እንቆጥራለን፣ ሽንት በሚሊ ሊትር እንመዘግባለን። ቁጥሩ ቻርት ላይ ከሰፈረ በኋላ አስተማሪያችንም ሆነ ሐኪሙ የሚጠይቁን እሱኑ ነው። ሕመምተኛው ግን ሐኪም ቤት የመጣው ኑሮው ስለተዛባበት ነው። ለመሆኑ ኑሮ ይለካል ወይ? ከተለካስ በምን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግኩት ጉዳይ ይኸው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት ሕገ ደንብ ጤናን ሲተረጉም፣ የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት ነው ብሏል። በ1990ዎቹ ደግሞ ይኸው ድርጅት የሕይወት ጥራት የሚባለውን ነገር ሲተረጉም፣ አንድ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ ሆኖ፣ ከዓላማውና ከሚጠብቀው ነገር አንጻር ስለ ራሱ ኑሮ ያለው ግምት መሆኑን ገልጿል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ግምቱ የራሱ የሕመምተኛው ነው። ሁለተኛ፣ «በሚኖርበት ባህል» የሚለው ቃል ለጌጥ የገባ አይደለም።

በሽታው

ብዙ ሰው መገጣጠሚያውን ሲያመው «ቁርጥማት ነው» ወይም «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን በብርድ የሚመጣ በሽታ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ሽፋን ሲያጠቃ የሚፈጠር ብግነት ነው። ብዙውን ጊዜ ከእጅና ከእግር ትንንሽ አንጓዎች ይጀምርና ሁለቱንም ጎን ይይዛል። ጠዋት ጠዋት እጅ ገትሮ አልታዘዝ ይላል፤ እስኪፍታታ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በጊዜ ካልታከመ አጥንቱን እየበላ ጣቶችን ያጣምማል። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል። እኛ ቤት ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላት። ለዓመታት ማስታገሻ እየዋጠች ከቆየች በኋላ በሽታዋ በስሙ ታወቀና በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ተጀመረላት። በዚያው ሰሞን እኛ ደግሞ በአንድ ኮርስ የሕይወት ጥራት መለኪያ መጠይቅ መርጠን በአንድ ሕመምተኛ ላይ እንድንሞክር የቤት ሥራ ተሰጠን። እኔም ፈቃዷን ጠይቄ እትዬን መረጥኩ። ከዚህ በታች የምጽፈውንም ሰምታ «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠራ» ብላኛለች።

መጠይቁ

የመረጥኩት በዚህ በሽታ ጥናት ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣውን ኤች ኤ ኪው የተባለውን መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ጄምስ ፍሪስና በባልደረቦቻቸው የታተመ ነው። ከዚያ በፊት የአርትራይተስ ሕክምና ውጤት ይመዘን የነበረው ባመዛኙ በደም ምርመራ፣ በራጅና ባበጡ አንጓዎች ቁጥር ነበር። ሕመምተኛውን ራሱን ስለ ዕለት ተዕለት ሥራው በሥርዓት ጠይቆ መልሱን እንደ ውጤት መቁጠር በዚያን ጊዜ ትልቅ እርምጃ ነው።

ኤች ኤ ኪው 20 ጥያቄዎች በ8 ምድብ አሉት፦ መልበስና ራስን ማሰናዳት፣ ከተቀመጡበት መነሣት፣ መብላት፣ መራመድ፣ ንጽሕና፣ ዕቃ ከላይና ከታች ማንሣት፣ መጨበጥ፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ሥራዎች። ስላለፈው ሳምንት ይጠየቃል። ያለ ምንም ችግር ከሆነ 0፣ በመጠኑ ከቸገረ 1፣ በጣም ከቸገረ 2፣ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ 3 ይሰጣል። ከየምድቡ ከፍተኛው ነጥብ ይወሰድና ስምንቱ ተደምረው ለስምንት ይካፈላሉ። የሰው እርዳታ ወይም መሣሪያ ካስፈለገ 0 ወይም 1 የነበረው ወደ 2 ከፍ ይላል። ቀላልና ግልጽ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃል ተብሎ ይታሰባል። የእኔና የእትዬ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የማን ቤት ነው?

«አዲስ የካርቶን ወተት መክፈት ትችያለሽ?» አልኳት።

«ወተት እኮ ከጎረቤት በጆግ ነው የምናስመጣው። ምኑ ነው የሚከፈተው?»

«ገንዳ ውስጥ ገብተሽ መታጠብስ?»

ሳቀች። እሷ የምትታጠበው በሳፋ ነው። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ጋ ስንደርስ ዝም ብዬ አለፍኩት።

መጠይቁ በራሱ ክፋት የለበትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚኖር ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚያደርገውን ነገር ተከትሎ የተዘጋጀ ነው፤ ለዚያ ቤት ትክክል ነው። እትዬ ቤት ግን የእጅን አቅም የሚፈትኑት ነገሮች ሌሎች ናቸው። ሊጥ ማቡካት አለ። አክንባሎ ማንሣት፣ እንጀራ ከምጣድ ማውጣት አለ። ዘነዘና ጨብጦ ቡና መውቀጥ፣ የሞላ ጀበና በአንድ እጅ አንሥቶ ሳይንጠባጠብ መቅዳት አለ። ልብስ አሽቶ መጭመቅ፣ ጀሪካን መሸከም አለ። ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳትና መነሣት አለ። ስግደት አለ። የልጅ ልጅ ፀጉር ሹሩባ መሥራት አለ። ከእነዚህ አንዱም በ20ው ጥያቄ ውስጥ በስሙ የለም።

አንጓ ቆጠራውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የበሽታውን ኃይል ለመለካት በስፋት የሚሠራበት ዳስ 28 የሚባለው መለኪያ 28 አንጓዎችን ይቆጥራል፦ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የጣቶች አንጓዎችና ጉልበት። ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣቶች አይቆጠሩም። ቅዳሴ ሙሉ ለምትቆም፣ ገበያ በእግሯ ለምትሄድ ሴት እግሯ ከቁጥር ውጪ ሆነ ማለት ነው።

«መቻል»ና «መቻል»

የበለጠ ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። የመጠይቁ አከርካሪ አንድ ቃል ነው፦ «ትችያለሽ ወይ?» የሚለው።

«ልብስሽን ራስሽ መልበስ ትችያለሽ?»

«ችዬ ነው እንጂ! ምን ላድርግ፣ የኔ ልጅ።»

አሁን ይህን ስንት እንበለው? 0 ነው? 3 ነው? እንደምታውቁት በአማርኛ «ቻለ» ሁለት ፍቺ አለው። «መኪና መንዳት ይችላል» ስንል ስለ አቅም እንናገራለን። «ሁሉን ችላ ኖረች» ስንል ግን ስለ ትዕግሥት ነው። እትዬ የሰማችው ሁለተኛውን ነው። ልብሷን ትለብሳለች፤ ነገር ግን የቀሚሷን ቁልፍ ለመቆለፍ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል፣ በመሐል እያረፈች። ይህን የነገረችኝ «ስትለብሺ ምን ያህል ይከብድሻል? ስንት ጊዜ ታርፊያለሽ?» ብዬ ከጠየቅኳት በኋላ ነው። በእኛ አገር አንዲት እናት «አልችልም» እንድትል መጠበቅ በራሱ ከባድ ነው። መቻል ምስጋና ነዋ። ስለዚህ በአማርኛ «ትችያለሽ?» ተብሎ የተጠየቀ መጠይቅ የእጅን አቅም ሳይሆን የሰውየውን ጨዋነት ሊለካ ይችላል።

ሌላም አለ። ኢኪው 5 ዲ የተባለውን አጭር መጠይቅም ጨምሬ ሞክሬ ነበር። እሱ መጨረሻው ላይ ከ0 እስከ 100 የተሰመረ መስመር አለው፤ ሕመምተኛው የዛሬ ጤናው የት ላይ እንደሆነ ያመለክታል። እትዬ መስመሩን አየችና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቁጥሩን አንተው የመሰለህን ሙላው» አለችኝ። በእኛ ዘንድ «እንዴት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው። ታሞም፣ አዝኖም፣ ሰው አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ነርሷም ይህን መልስ ትሰማና «ቅሬታ የላትም» ብላ ትጽፋለች።

«ኑሮሽንስ እንዴት ታይዋለሽ?» ብያት ደግሞ ነበር። «ኑሮማ እሳት ሆኗል!» ብላ ስለ ጤፍና ስለ ዘይት ዋጋ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ «ኑሮ» ሲባል ለብዙ ሰው ትርጉሙ ገበያ ነው። «የሕይወት ጥራት» የሚለው ሐረግ ደግሞ ከክፍላችን ውጪ ያለ ሰው ጆሮ ውስጥ ምንም አይልም።

ቁጥሩ ሲሻሻል

እንዲህ እንዲያ ብለን የመጀመሪያውን ቀን ነጥብ ሞላን። የስምንቱ ምድቦች ድምር 13 ሆነ፤ ለ8 ሲካፈል 1.625። ከአራት ወር በኋላ ደግሜ ጠየቅኳት። ሜቶትሬክሴት ቀስ ብሎ በሳምንታት ውስጥ ነው ሥራውን የሚጀምረው፤ በዚህ ጊዜ ለውጡ በዓይን ይታይ ነበር። የእጇ እብጠት ቀንሷል፣ ጠዋት ቶሎ ትፍታታለች። ድምሩ 8፣ አማካዩ 1.0 ሆነ። በኤች ኤ ኪው 0.22 ያህል መቀነስ ሕመምተኛው ልብ የሚለው ለውጥ ነው ተብሎ ይወሰዳል። የእሷ የቀነሰው በ0.625 ነው፤ ከዚያ ሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ካርዷም ላይ «መሻሻል አለ» ተብሎ ተጽፏል። ትክክል ነው፤ አለ። መድኃኒቱ ሠርቷል፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

የቤት ሥራውን እዚህ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር። ነገር ግን ሳነብ ማክታር የሚባል ሌላ መለኪያ አጋጥሞኝ ስለነበር የእሱን ዘዴ ልሞክር አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ በዶክተር ፒተር ተግዌልና በባልደረቦቻቸው የታተመ ነው። ማክታር የተዘጋጀ የሥራ ዝርዝር ይዞ አይመጣም። በሽታው የትኞቹን ሥራዎች እንዳስቸገረው ሕመምተኛውን ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «ከእነዚህ ያለ ሕመም ልትሠራው አብልጠህ የምትመኘው የትኛውን ነው?» ብሎ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚለካው እነዚያው ናቸው።

«እትዬ፣ ይሄ በሽታ ከከለከለሽ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እንዲመለስልሽ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

ብዙ አላሰበችም። «ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ መብላት» አለች።

እኔ ከሰው ጋር እንደማትበላ አላውቅም ነበር፤ ቤተሰቡም በቅጡ አያውቅም። እትዬ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት። ከዓመት በላይ በየወሩ ድርሻዋን በልጇ እየላከች ራሷ ቀርታለች። «ሩቅ ነው፣ ደክሞኛል» ነበር የምትለን። ምክንያቱ ሌላ ኖሯል። «እንጀራውን በሦስት ጣት ቆርሼ ወጡን መጠቅለል አቃተኝ። እየተንጠባጠበ። በማንኪያ ልብላ እንዴ፣ በሰው መሐል? ሲያጎርሱኝም፣ ላጉርስ ስልም እጄን ነው የሚያዩት።»

ሁለተኛው ስግደት ነው። ሦስተኛው የልጅ ልጇን ፀጉር መሥራት።

እስቲ አሁን ወደ መጠይቁ ተመለሱ። «መብላት» በሚለው ምድብ ሦስት ጥያቄ አለ፦ ሥጋ መቁረጥ፣ የሞላ ብርጭቆ ወደ አፍ ማንሣት፣ የወተት ካርቶን መክፈት። እትዬ ሥጋውን በመጠኑ ተቸግራ ትቆርጣለች፤ ብርጭቆውን ያለ ችግር ታነሣለች። ነጥቧ 1 ነው። በመጠይቁ ሕግ መሠረት አንድም ስሕተት የለበትም። ሆኖም ከማኅበሯ፣ ከሠርጉ፣ ከተዝካሩ ያስቀራት ነገር በዚያች 1 ነጥብ ውስጥ የለም። የካርዱ ቁጥር ሲሻሻል ይህ ባለበት ነበር።

ይህን ማወቃችን ምን ጠቀመ? በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ለሐኪሟ ራሷ ነገረችው፤ ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላከች። የአውራ ጣትና የጣቶች እንቅስቃሴ በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ትሠራለች። ማኅበሩ ጋ ገና አልሄደችም። ግን አሁን ሐኪሙም፣ ባለሙያውም፣ እኛም ለምን እንደምንለፋ እናውቃለን።

ሌሎች ምን አደረጉ?

መጠይቁን ከአገር ጋር ማስማማት የሚቻል ነገር ነው። የሕንድ ሐኪሞች ኤች ኤ ኪውን ለአገራቸው ሲያዘጋጁ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ፣ የልብስ ጥያቄው ውስጥ ሳሪ አስገቡ፤ ቁጢጥ ማለትን ወይም መሬት ላይ እግር አጣምሮ መቀመጥን፣ አትክልት ተራ ገበያ መውጣትንና ባለ ሦስት እግር ታክሲ ላይ መሳፈርን ጨመሩ። ባጃጅ ለእኛም እንግዳ አይደለችም። በአገራችንም ኤስ ኤፍ 36 የተባለው አጠቃላይ የጤና መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በቡታጅራ ገጠር ተሞክሯል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ስለዚህ ከዜሮ አንነሣም።

ሕመምተኛን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚለውጥ ደግሞ የድካም ታሪክ ያሳያል። በአርትራይተስ ጥናት ውስጥ ምን መለካት እንዳለበት የሚመክረው ኦሜራክት የተባለው የባለሙያዎች መድረክ እ.ኤ.አ. በ1992 ኔዘርላንድ ማስትሪክት ላይ ሲጀመር ተሰብሳቢዎቹ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሕመምተኞች ራሳቸው ገብተው እንዲናገሩ ተደረገ። እነሱም ባለሙያዎቹ በዋና መለኪያዎቻቸው ዝርዝር ውስጥ ያላስገቡትን ድካምን አነሡ። እንቅልፍ የማያስለቅቀው፣ ቀኑን ሙሉ የሚጫነው ድካም ማለታቸው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድካም በሩማቶይድ አርትራይተስ ጥናቶች ውስጥ እንዲለካ መድረኩ ተስማማ። ድካሙ ከድሮም ነበረ፤ ጠያቂ ነው ያልነበረው።

«ታዲያ ሁሉም የየራሱን ከመረጠ እንዴት እናወዳድራለን?» የሚል አስተማሪ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዱን መድኃኒት ከሌላው ለማወዳደር ለሁሉም አንድ ዓይነት መለኪያ ያስፈልጋል፤ ኤች ኤ ኪው ለዚህ ባለውለታ ነው። ማክታር ጊዜ ይወስዳል፣ የሠለጠነ ጠያቂም ይፈልጋል። ደግሞም ሰው ከሕመሙ ጋር ሲለማመድ የራሱ ሚዛን ይቀየራል፤ እጁ ሳይሻለው «ተሻለኝ» ሊል ይችላል። የሕመምተኛ ቃል ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ለጥናቱ፣ ሌላኛው አልጋው አጠገብ።

ለትምህርት ክፍላችን

ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መጠይቅ ወደ አማርኛ ስንመልስ «ይችላሉ?» የሚለውን ትተን «ምን ያህል ይከብድዎታል? እየከበደዎትም ይሠሩታል ወይስ ትተውታል?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የተለያየ አካባቢ ልጆች ነን። እያንዳንዳችን በክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በእናቶቻችንና በአባቶቻችን ቤት እጅ፣ እግርና ወገብ የሚፈትኑ ሥራዎችን በየቋንቋቸው መዝግበን ብንመጣ ለወደፊት ጥናት ጥሩ መነሻ ይሆናል። የወንዶቹም እንዳይረሳ፤ ሞፈር መጨበጥ እንደ ሊጥ ማቡካት ሁሉ የእጅ ፈተና ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። በተግባር ልምምድ ወቅት የምንሞላው የሕመምተኛ መረጃ ቅጽ መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ መስመር ይጨመር፦ «ሕመሙ ከከለከለዎት ነገር ከሁሉ በፊት እንዲመለስልዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» መልሱ ወደ ሕክምና ቃል ሳይተረጎም ሕመምተኛው በተናገረው ቃል ይጻፍ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የተረከበው ተማሪም መጀመሪያ ያንን መስመር አንብቦ ይጠይቅ።

በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን በሚቀጥለው እትም እንድትመልሱልኝ እጠብቃለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።